ከማናገራችሁ በፊት መድረሻዋን እወቁ

ጥያቄ፦ «ሰላም እትዬ። አራት ኪሎ አካባቢ የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ሁላችንም በቅርብ ነው የተመረቅነው። ጥቃት ለደረሰባቸው ወጣት ሴቶች አንድ ነገር መሥራት እንፈልጋለን፤ በተለይ ለቤት ሠራተኞች፣ ለካፌ አስተናጋጆችና ጀበና ቡና ለሚሸጡ ልጆች። በግንዛቤ ማስጨበጫ ፕሮግራም ልንጀምር ስንዘጋጅ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ የአሠሪዋ ወንድም እንደደፈራት ነገረችን። ሁለት ሳምንት አልፎታል። አሁንም እዚያው ቤት ናት። ለማንም እንዳትናገሩ ብላ አስምላናለች። ምን እናድርግ? ሥራውንስ ከየት እንጀምር?»

የኔ እህት፣ ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቅሽኝ። ከልጅቷ ልጀምር። ፕሮግራሙ ይደርሳል።

የልጅቷን ስም ስላልጻፍሽ ደስ ብሎኛል። የቤቱን አካባቢ ግን ጽፈሽው ነበር፤ ከጥያቄሽ ላይ አውጥቼዋለሁ። ሠፈር፣ ዕድሜና «የአሠሪዋ ወንድም» አንድ ላይ ሲገጥሙ ጎረቤት ማን እንደሆነች ለማወቅ ደቂቃ አይፈጅበትም።

መሐላው እንደከበደሽ ይገባኛል። የ17 ዓመት ልጅ ምስጢር ነው ብለሽ ይዘሽው ቁጭ ማለት አይቻልም። ሳታውቅ ሄደሽ ፖሊስ ይዘሽባት መምጣትም አይሆንም። በመጀመሪያው አደጋ ውስጥ ትተዋታለሽ፣ በሁለተኛው ደግሞ ከዚህ በኋላ ማንንም አታምንም። ስለዚህ ተመልሰሽ አግኚያትና እውነቱን ንገሪያት። «የነገርሽኝን ለማንም አላወራሁም። አደጋ ላይ መሆንሽን እያየሁ ግን ዝም ልል አልችልም። የሚረዱ ሰዎች አሉ። የት እንዳሉና ምን እንደሚያደርጉ ልንገርሽ፤ ከዚያ አብረን እንወስን» ብትያት ይበቃል። ወደፊት ደግሞ ልጅቷ ገና አፏን ሳትከፍት «ለማንም ትንፍሽ አልልም» የሚል ቃል አትግቢ።

እንዴት ሆነ፣ ለምን አልጮህሽም፣ ስንት ጊዜ ነው አትበያት። በተለይ «ለምን» የሚለውን የቱንም ያህል አለሳልሰሽ ብትጠይቂው ወቀሳ ሆኖ ነው የሚሰማት። ዝርዝሩን ሐኪሙም መርማሪውም ይጠይቋታል፤ ሥራቸው ነው። ያንቺ ጥያቄ ስለ ዛሬ ማታ ነው። የት ነው የምትተኚው፣ ሳሎን ነው ወይስ ሰርቪስ ቤት? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ሰውየው እዚያው ነው የሚያድረው ወይስ መጥቶ ይሄዳል? አሠሪሽ ቤት የማትኖረው መቼ መቼ ነው? ስደውል ሌላ ሰው ቢያነሳው ማን ነኝ ልበል? ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች። እኛ ግን ለብዙ ልጆች የምንደውለው «ከሹሩባ ቤት ነው፣ ተራሽ ደርሷል» እያልን ነው።

ወደ ሕክምናው ልለፍ። ሁለት ሳምንት አንዳንዱን ዕድል ወስዷል፣ ሁሉንም ግን አልወሰደም። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት ጥቃቱ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሠራ ይችላል፤ በዘገየ ቁጥር ግን አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። «ለዚህች ልጅ ሁለቱም አልፈዋል» ብለሽ ግን እንዳትደመድሚ። ሰውየው እዚያው ቤት ነው። ባለፉት ሦስት ቀናት ውስጥ ድጋሚ ነክቷት ከሆነ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ይህን ባንቺ አፍ አትጠይቂ፤ ለሐኪሙ «እዚያው ቤት ናት» ብለሽ ንገሪው፣ እሱ ይጠይቃታል።

ከዚያ ውጭ የእርግዝና ምርመራ አለ። አሁን ነጻ ቢልም ጥቃቱ ከደረሰ ሦስት ሳምንት ሲሞላ መደገም አለበት። የአባላዘር በሽታ ምርመራና ሕክምና አለ። የኤችአይቪ ምርመራ አሁን ይደረግና ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። ካውንስሊንጉ ደግሞ ጊዜ አያልፍበትም።

አርግዛ ብትገኝስ? ይህን በቀጥታ መናገር እመርጣለሁ፤ ልጆች መንገድ ዳር ባለሙያ ያልሆነ ሰው ጋ የሚሄዱት አስቀድሞ የነገራቸው ስለሌለ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 መሠረት እርግዝናው በመደፈር የመጣ ከሆነ ጤና ተቋም ውስጥ ማቋረጥ አያስቀጣም። አንቀጽ 552 ደግሞ ለዚህ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል። የፖሊስ ወረቀት አምጪ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ የሚላት ካለ ሕጉ ያላለውን ነው የሚጠይቃት። ውሳኔው የእሷ ነው። አንቺም እንዲህ አድርጊ ወይም አታድርጊ አትበያት፤ የራስሽ እምነት ምንም ይሁን ምን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ቤተሰብ «ድንግልናዋ ይታይ» ሲል ትሰሚያለሽ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ይህ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ይቅር ብሏል። መደፈርን አያረጋግጥም፣ አለመደፈርንም አያረጋግጥም። እናትየዋን መቆጣት ግን አያስፈልግም። «ሐኪሙ የሚያስፈልገውን እሱ ያያል» ብለሽ እለፊው።

አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ የምወስዳት ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ወዳለው የተቀናጀ የአንድ መስኮት አገልግሎት ማዕከል ነው። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ አንድ ቦታ ናቸው። ትልቁ ጥቅሙ ይኼ ነው። ያለዚያ ልጅቷ ታሪኳን ለጥበቃው፣ ለካርድ ክፍል፣ ለተረኛ ነርስ፣ ለሐኪም፣ ከዚያ ጣቢያ ሄዳ ለተረኛ ፖሊስ፣ እንደገና ለመርማሪ ስትናገር ትውላለች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ድምጿ ይጠፋል፤ አምስተኛው ላይ ደግሞ «ቃሏ ይለያያል» የሚል ሰው አይታጣም። አብሯት የሚሄድ ሰው ዋና ሥራ ይህን መንገድ ማሳጠር ነው። በሩ ላይ አንቺ ቅደሚ። «ለሴቶችና ሕፃናት ማዕከሉ ነው የመጣነው» ማለት ይበቃል፤ ጥበቃው ከዚያ በላይ ማወቅ አያስፈልገውም።

ገና ትኩስ በሆነ ጥቃት ሌላ ልጅ ስትመጣባችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። ገላዋን ሳትታጠብ ብትሄድ ይመረጣል። ታጥባ ከሆነም ግን አትመልሷት፣ ትሂድ። የለበሰችው ልብስ በፌስታል አይቋጠር፤ ፌስታል ስለሚያልበው ማስረጃው ይበላሻል። የወረቀት ከረጢት ወይም ካኪ ፖስታ ይሻላል። ልብሱ ለማስረጃ ሊቀር ስለሚችል ቅያሪ ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ የውስጥ ሱሪ፣ ቀሚስ ወይም ቱታ፣ ነጠላ፣ ሞዴስ፣ ውሃ፣ አንድ ሁለት ዳቦ። በሆስፒታል ጋውን ወደ ቤት መመለስ ምን እንደሆነ ያየ ሰው ቅያሪ ልብስ አይረሳም። ይህቺን ቦርሳ ዛሬውኑ አዘጋጅታችሁ አንዳችሁ ቤት አስቀምጧት።

ፖሊስ ጋ ስትደርሱ ሕጉ ከልጅቷ ጋር ነው። ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ባለች ልጅ ላይ የሚፈጸም አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ጠበቃ «ፈቅዳ ነው» ብሎ ቢከራከር እንኳን አንቀጽ 626 አለ፤ በዚህ ዕድሜ ካለች ልጅ ጋር ግንኙነት ማድረግ በራሱ ወንጀል ነው። «ሁለት ሳምንት ዝም ብላ፣ ቁስልም የለባት» የሚባለውም ፋይሉን አይዘጋውም። ቁስል ያላየንባቸው ብዙ ናቸው፤ ፍርሃት አካልን ያደነዝዛል።

እርቁ ይመጣል። ይህን ጠብቂው። ከሳምንት በላይ አይቆይም። የሰውየው ዘመዶች ሽማግሌ ይልካሉ፣ ከደላላው ጋር ይነጋገራሉ፣ አገር ቤት ላለው አባቷ ይደውላሉ። ብር ይጠራል። «ልጅቷንም ስሟን አታጥፉባት» ይባላል። እኔ ሽማግሌን አከብራለሁ፤ በመሬትና በውርስ ስንቱን ከፍርድ ቤት ያወጡ ናቸው። አስገድዶ መድፈር ግን በግል አቤቱታ ብቻ የሚቀጥል ክስ አይደለም። ቤተሰብ ታረቅን ቢልም ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው ልጅቷን ካገባት ክሱ ይቀር ነበር፤ የ1996ቱ ይህን አንስቶታል። ሰው ግን ዛሬም በ1949ኙ ነው የሚኖረው። አባትየውን አንቺ ቀድመሽ ብታገኚው፣ ማለትም ልጅቷ ከፈቀደች፣ ብዙ ነገር ይቀየራል። ከገጠር የመጣ አባት ልጁን የሚጠላ እንዳይመስልሽ። የሚሰማው ከአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ነው።

ከቤቱ አወጣጧንም አስቡበት። በእጇ ያላትን ብቻ ይዛ በሌሊት ብትወጣ በማግስቱ «ወርቅ ሰርቃ ጠፋች» የሚል ክስ ሊጠብቃት ይችላል። ይህ ሲደጋገም አይቻለሁ። ቢቻል በቀን፣ ምስክር ባለበት፣ ከፖሊስ ወይም ከወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሰው ጋር ትውጣ። የራሷን ልብስና መታወቂያዋን ካላት ትያዝ። ያልተከፈላት ደመወዝ ካለ ስንት ወር እንደሆነ ጻፉት። የቤት ሠራተኛ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 አትሸፈንም፤ ደመወዟን ለማስከፈል መንገዱ ይረዝማል፣ ግን ይቻላል። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እዚያ ሂዱ። ነገሩ አሁን በዚህ ሰዓት እየሆነ ከሆነ ደግሞ ምክር የለም፤ 991 ደውሉ።

ማደሪያውስ? አንዳችሁ ቤት እንዳትወስዷት። ልብሽ እንደሚልሽ አውቃለሁ። ግን የ17 ዓመት ልጅ ነች፤ «አፈኗት» ሊባል ይችላል፣ ሰውየውም በራችሁ ላይ ይመጣል። እንደ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ መጠለያዎች አሉ። የሚገባባቸው በአብዛኛው በፖሊስ ወይም በሴቶች ጉዳይ ሪፈራል ነው። አድራሻቸው አይነገርም፤ እናንተም አትጠይቁ። ቦታ የሚጠብበት ጊዜ ስላለ ቀድማችሁ ከማዕከሉ ካውንስለር ጋር ተነጋገሩ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ልደታ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት ምቹ የሆነ ችሎት አለ። ልጅቷ ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳታይ፣ በሌላ ክፍል ሆና በካሜራ ትመሰክራለች፤ ጥያቄውንም የሚያደርስላት በመካከል ያለ ባለሙያ ነው። ክፍሉ ጥሩ ነው። ኮሪደሩ ግን የሁላችንም ነው። የተከሳሹ እናት እዚያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ልታለቅስ ትችላለች፤ ምስክርነትን የሚያስቀር እንደዚያ ለቅሶ የለም። ስለዚህ ቀድማችሁ ድረሱ፣ ጸሐፊዋን አናግሩ፣ ልጅቷ ሌላ ቦታ ትጠብቅ።

አሁን ወደ ሥራችሁ ልምጣ። ግንዛቤ ማስጨበጫውን ለጊዜው ተዉት። በየዓመቱ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 የጾታ ጥቃትን የሚቃወመው ዘመቻ ሲመጣ ነጭ ሪባን እናስራለን፣ ቲሸርት እናሳትማለን፣ አዳራሽ እንሞላለን። ክፉ ነገር አይደለም። ግን የቤት ሠራተኛ አዳራሽ አትመጣም። ማን ያስወጣታል? ብትመጣስ፣ ከመቶ ሰው መካከል እጇን አውጥታ ምን ትላለች? ደግሞም «ተናገሩ» ብላችሁ ብትቀሰቅሱና ነገ ሦስት ልጆች ቢመጡባችሁ የት ትወስዷቸዋላችሁ? አሁን አንዷ መጣችና ለእኔ ጻፍሽ። ልክ ነሽ። መጀመሪያ የምትጠሩት ሰው፣ የምትገቡበት በር ይኑራችሁ። የማዕከሉን ካውንስለር፣ የወረዳውን የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ፣ በጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት መርማሪዋን በአካል ሄዳችሁ ተዋወቁ። ችግር ሳይኖር ነው መተዋወቅ። ቢሮ ያለ ሰው በአስቸኳይ ሰዓት ስልክ የሚያነሳው ለሚያውቀው ነው፤ ይህን የትኛውም ማንዋል አይጽፈውም።

ከዚያ ልጆቹ ካሉበት ሂዱ። በ1998 ዓ.ም. መርካቶ አካባቢ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለ ፕሮግራም ያደረገው ይህንን ነበር። አስተባባሪ ሴቶቹ ከቤት ቤት እያንኳኩ አሠሪዎችን «ሠራተኛሽ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ትምጣልን» ብለው ያስፈቅዱ ነበር። መፈክር ይዘው አልሄዱም። ማንበብና መጻፍ፣ ጤና፣ ገንዘብ አያያዝ እናስተምራለን ነው ያሉት፤ ደግሞም ያስተምሩ ነበር። አሠሪዋ በሩን የምትከፍተው ለዚያ ነው። ልጅቷ ደግሞ ከእኩዮቿ ጋር ከተቀመጠች፣ ሳምንቱ ሲደጋገም፣ የሚወራው ይወራል።

እናንተ አካባቢ የቤት ሠራተኛ የት ትገኛለች? ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሕፃን አድርሳ ስትመለስ ከትምህርት ቤት በር። ወፍጮ ቤት። የማታ ትምህርት ቤት። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ወር በገባ በ21 ደግሞ ማርያም። ሹሩባ ቤት። ሹሩባ ቤት ከሁሉም ይበልጣል፤ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች፣ ወንድ የለም፣ ፊቷ ወደ ፊት ስለሆነ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ታወራለች። የሠፈራችሁን ሹሩባ ሠሪ ወዳጅ አድርጉ። የስልክ ቁጥር ያለበት ትንሽ ወረቀት ሲሰጥ ደግሞ «ጥቃት ደርሶብሻል?» የሚል ርዕስ አይኑረው። ያ ወረቀት ኪሷ ውስጥ ቢገኝ ምን ይከተላታል? የሹሩባ ቤት ቢዝነስ ካርድ የሚመስል ይሁን።

ጀበና ቡና የምታፈላዋ ሌላ ዓለም ናት። በሯ ክፍት ነው፣ ማንም ይቀመጣል። ቀኑ ላይ ችግር የለም። ወደ 1 ሰዓት ሲመሽ አንድ ደንበኛ ሦስተኛ ስኒውን ይጨርስና አይነሳም። ሒሳቡን አይከፍልም፣ «ነገ» ይላል። እሷ ረከቦቱን መሰብሰብ ትፈልጋለች፤ ወንበሩን ግን እሱ ተቀምጦበታል። ቦታውን ያከራያት ሰውም ብዙ ጊዜ የእሱ ጓደኛ ነው። ይህች ልጅ ስብሰባ አያስፈልጋትም። በዚያ ሰዓት ሁለት ሴቶች መጥተው ቡና ቢያዙ፣ ዕቃ ስትሰበስብ አብረው ቢያነሱ፣ እስከ ታክሲ ተራ ቢሸኟት ትልቅ ነገር ነው። ከሳምንታት በኋላ ራሷ ትጀምራለች። የካፌ አስተናጋጇም እንደዚያው ናት፤ ማታ 3 እና 4 ሰዓት ላይ ወጥታ ታክሲ ያጣችው። ለካፌው ባለቤት የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ የማታ ሠራተኞችህ በምን ይሄዳሉ?

ድሮ በዚህ ሠፈር የሚያውቅ ጎረቤት ነበር። በ2008ቱ (እ.ኤ.አ. 2016) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 23 በመቶው ከ15 ዓመታቸው ወዲህ አካላዊ ጥቃት፣ 10 በመቶው ደግሞ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳን ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። እርዳታ የፈለጉት ከአራት አንድ ያህል ናቸው፤ እነሱም በአብዛኛው የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። ፖሊስ ጋ የደረሰው ጥቂት ነው። አሁን አስቢው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ፈረሱ፣ ቀጥሎ ካዛንቺስ ተነሳ፤ የካዛንቺስ ሰው ብዙው ገላን ጉራ ሄደ። ስለ ኮሪደሩ ልማት የየራሳችን አስተያየት አለን፣ እሱን ልተወው። ግን ከግድግዳው ማዶ የምትሰማዋ፣ «ምነው ልጄ ፊትሽ ጠቆረ» የምትለዋ እማማ አብራ ሄዳለች። እድሩም ተበትኗል። ልጆቹ ለሥራ አሁንም መሐል ከተማ ይመጣሉ፤ የሚያያቸው ሰው ነው የራቀው። እንግዲህ እናንተ መሙላት የምትችሉት ይህንን ክፍተት ይመስለኛል። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ያዙ፤ ከቤት ቤት መግባት የሚችሉ፣ አሠሪም የማይጠረጥራቸው እነሱ ናቸው። የንስሐ አባቶችንም አትርሱ። ብዙ ልጅ መጀመሪያ የምትናገረው ለእነሱ ነው። ሄዳችሁ «እንዲህ ያለች ልጅ ብትመጣብዎት ሆስፒታል ይላኩልን» ብትሉ እምቢ የሚሉ ጥቂት ናቸው። ፀበል የሄደች ልጅ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥም ይረዷችኋል፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ፀበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብሮ መወሰድ እንደሚችል በይፋ ተናግረዋል።

አድቮኬሲውን በተመለከተ አጭር ነኝ። የልጅ ታሪክ ቲክቶክ ላይ አይወጣም። ፊቷን ብትሸፍኑትም ድምጿ፣ ሻርፗ፣ ከኋላዋ ያለው በር ይናገርባታል። ዛሬ ብትፈቅድ እንኳን የ17 ዓመት ልጅ በ25 ዓመቷ ያንን ቪዲዮ ማየት አትፈልግም። መጮህ ካለባችሁ በሕጉ ላይ ጩኹ። አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጪ» ይላል፤ ባል ሚስቱን አስገድዶ ቢደፍር በዚያ አንቀጽ አይጠየቅም። ተጎጂዋን ከቤት ሳያስወጣ አጥቂውን የሚያርቅ፣ ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ የለንም። የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ውስጥ የለችም። እነዚህ የማንንም ልጅ ፊት አይፈልጉም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር፤ የሴት ሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር በዚያን ጊዜ በጣም ተጎድቷል። በ2011 በአዋጅ 1113 ተቀይሯል። አሁን ማኅበር አቋቁሞ በመብት ላይ መናገር ይቻላል፤ ተጠቀሙበት።

ስለራሳችሁም ልበል። አምስታችሁም ሁሉንም አትሥሩ። ሁለታችሁ ከልጆች ጋር ሂዱ፣ አንዳችሁ ከቢሮዎች ጋር ተነጋገሩ። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ሲም ካርድ አውጡ፤ የግል ቁጥራችሁን አትስጡ። ቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ስም፣ ሠፈር፣ ፎቶ አይጻፍ። ማስታወሻ ካስፈለገ በምልክት ይሁን። የታክሲና የምሳ ወጪ ትሸፍናላችሁ፣ ገንዘብ ግን አትስጡ፤ አንዴ ከተጀመረ ልጅቷ ሳትፈልግም የምትመጣባችሁ ለዚያ ይሆናል። ሰምታችሁ ቤት ስትገቡ እንቅልፍ እንቢ የሚልበት ቀን ይመጣል። የማዕከሉ ካውንስለር ለእናንተም ጆሮ ይኖራታል፤ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ለዚህ ሳምንት ይኼ ይበቃል። መጀመሪያ ጋንዲ ብቻሽን ሂጂና ማን እንደሚቀበላት እወቂ። ከዚያ ልጅቷን ነጻ በምትሆንበት ሰዓት አግኚያት። እሺ ካለች በሥራ ቀን፣ ጠዋት ውሰጃት፤ መርማሪውንም ዐቃቤ ሕጉንም ባንዴ የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል። እምቢ ካለች አትቆጪያት፤ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑን አረጋግጪ፣ በማግስቱ ተመለሺ። በዚህ መካከል ሰውየው እንደገና እንደመጣባት ከሰማሽ ግን የእሷን እሺታ አትጠብቂ፤ ዝም እንደማትዪ አስቀድመሽ እንደነገርሻት፣ አሁንም ነግረሻት ወደ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት መርማሪ ሂጂ። እና እባክሽ፣ ማናችሁም አሠሪዋን «ለማናገር» እንዳትሄዱ። ወንድሟ ነው።